ያላረዳሁሽ መርዶ

ደብረ ዘይት
ግንቦት 1960 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአዮ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕሩን ካነሳሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት። ምኑን ሰነበትሽ! እንዴት እንደሰነበትሽማ አውቃለሁ። ወገብሽን አስረሽ፣ መሬት ላይ ተቀምጠሽ፣ ለቅሶ ደራሽ ስትቀበዪና ስትሸኚ ነው የሰነበትሽው። ቢሆንም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጻፍምና ልጠይቅሽ። ያ የሚያምሽ ጉልበትሽ ቀዝቃዛ መሬት ላይ መቀመጡን እንዴት ቻለው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ ሴቶቹ እየለመኑሽ ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ መጨመር ወጉ ነው፤ እኔ ግን አልደፈርኩም። ደህና መሆኔ ራሱ ያሳፍረኛል።

ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ፊደል የለየሽው ከቋንቋችን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነውና፣ እንደዚያው በጣትሽ እየተከተልሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። በቋንቋችን ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ ስቀበልም ስሰጥም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነውና ለእናቴ የሚሆን ቃል በእናቴ ቋንቋ መጻፍ አቃተኝ። ይኸውልሽ፣ ገና ከመጀመሩ አንድ ውርደት። አማርኛው ሲከብድሽ ቄስ ጨመዳን ጠይቂያቸው። ከእሳቸው በቀር ለማንም እንዳታሳዪ፤ በተለይ ለዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም ለአቶ እሸቱ። እሱ እጅ ከገባ ሳይመሽ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሁሉ ይሰማዋል።

አባቴ ከአርጆ በበቅሎ ነቀምቴ አምጥቶ ደጅሽ ላይ ያወረደኝ ጊዜ የወለደችኝ እናቴ ከሞተች ብዙም አልቆየም ነበር። ጣሊያን ገና መውጣቱ ነው፣ አገሩ አልተረጋጋም፤ አባቴ ግን ልጄ የሚስዮን ትምህርት ቤት ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ነበር። ለጥቂት ወራት አሳድሪልኝ ነው ያለሽ። ዘመዳችን እንኳ አልነበርሽም፤ በቤተ ክርስቲያን ነው የሚያውቅሽ። ባልሽ በጣሊያን ጊዜ ሞቶብሽ ብቻሽን ነበርሽ። ያን ቀን አዱኛን ከጀርባሽ አውርደሽ እቅፌ ላይ አስቀመጥሽውና፣ ታናሽህ ነው፣ ያዘው አልሽኝ። የምበላው እንጀራ የሰው እንዳይመስለኝ ብለሽ ሥራ መስጠትሽ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አዱኛ አፉን ሲፈታ “አዮ” ብሎ ጀመረ፤ እኔም ከእሱ ጋር አብሬ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ እናት አላውቅም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ሜዳው ላይ ያረፈ ቀን ገበያው ተበትኖ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔም አዱኛን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ሞተሩ ሲያጓራ ደንግጦ አንገቴ ላይ ሸናብኝ። እቤት ስንመለስ አንቺ ትቆጫለሽ፣ እኔ ግን ልቤ ሜዳው ላይ ቀርቶ አንድም ቃል አልሰማሁም። አብራሪ እሆናለሁ ስልሽ የጭነት መኪና ሾፌር ዓይነት ነገር መስሎሽ፣ ዘይት የነካው ልብስ እኔ አላጥብም ብለሽ ነበር። ይህን ለወጣት መኮንኖች ስነግራቸው እንዴት እንደሚስቁ!

ተመርጬ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ ሰማይ ብርድ ነው ብለሽ ቡሉኮ አስያዝሽኝ። ስዊድናዊው አስተማሪዬ አይቶ ሳቀብኝ፤ ክረምት ሲገባ ግን ራሱ መጥቶ ተዋሰኝ። ብቻዬን የበረርኩ ቀን ጻፍኩልሽ። አሜሪካ ሄጄ ጄት ተምሬ ስመለስ ጻፍኩልሽ። ኮንጎ ስንዘምት በሐሳብ እንዳትታመሚ ብዬ ሳልነግርሽ ሄድኩ፤ ኋላ ስትሰሚ አኮረፍሽኝና ስንት ጊዜ ጽፌ መልስ ነፈግሽኝ። ሻምበል ስባል፣ ሻለቃ ስባል፣ ኮሎኔል ስባል፣ አገር ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ አንቺ የምትጠይቂኝ ያው አንድ ነገር ነበር። አሁንም ራስህ ትበርራለህ ወይስ ሌላ ሰው ያበርርልሃል? ራሴ ነኝ እልሽ ነበር። እውነቴንም ነበር። አዛዥ ሆኜም ወጣቶቹን እየመራሁ የምነሳው እኔ ነበርኩ፤ በማዕረጌ ሳይሆን በዚህ ነበር የምኮራው።

አዱኛ የኔን መንገድ ልከተል ሲል እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ። “አንዱን ልጄን ለሰማይ ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛውን አልሰጥም” አልሽ። እኔ ምን አደረግሁ? በገዛ እናቴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ኦቦ ጆቴን የመሰለ የአገር ሽማግሌ ደጅሽ ላይ አስቀምጬ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ከዓይኔ አይርቅም፣ እኔ እያለሁ ምንም አይነካውም ብዬ ቃል ሰጠሁሽ። ኦቦ ጆቴን ማሳፈር አልሆነልሽምና እሺ አልሽ። ለኔ ብለሽ እሺ እንዳላልሽ ያኔም አውቄዋለሁ።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት መቶ አለቃ አዱኛ ሁለት ወጣት አብራሪዎች እየመራ ለልምምድ ተነሳ። ሁለቱ ተመለሱ። እሱ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ተራራ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ጄኔራልነቴ በራዲዮ ከተነገረ ሳምንት አልሞላውም ነበር። መርዶውን የሚያደርስ ሌላ መኮንን እንላክ ሲሉኝ ጮህኩባቸው። እናቴን መርዶ የሚያረዳት ልጇ ነው፣ እኔ ነኝ የምሄደው አልኩ። አዮ፣ እንዲህ ስል እውነቴን ነበር።

ለነቀምቴ በቴሌግራም ያስተላለፍኩት እመጣለሁ የሚል ቃል ብቻ ነው። መርዶ በሽቦ አይላክም፤ የቴሌግራፉ ሠራተኛ ቀድሞ ያውቀዋል፣ ከአፉ ያመልጠዋል፣ ለቀስተኛ ሳይሰበሰብ እናትየው በመንገድ ላይ ትሰማለች። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ያ የጎረቤታችን የነጋዴው ልጅ ባኮ ላይ የሞተ ጊዜ ለእናቱ እስኪነጋ ድረስ አሞታል ብቻ እያላችሁ እንዴት እንዳቆያችኋት አይቻለሁ። እኔም እንደዚያ አሰብኩ። ገና በማለዳ ደርሼ፣ ቄስ ጨመዳ ቤት ጎረቤቱን ሰብስቤ፣ አንቺ ከቤት ሳትወጪ አብረን ልንገባ። የነቀምቴ ሰው ግን ሹመቴን በራዲዮ ሰምቷል፤ እመጣለሁ ስል ለምን ሌላ ነገር ይጠርጥር? ለደስታው የሚመጣ መሰለው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ደመናው አልገለጥ ብሎ የተነሳነው ቀትር ሲቃረብ ነው።

ከዳኮታው አውሮፕላን መስኮት ስመለከት ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ሰምተዋል፣ ለቅሶ ወጥተዋል አልኩ። እፎይ አልኩ አዮ! ሌላ ሰው ነግሮልኛል ብዬ እፎይ አልኩ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ፣ እልልታው መጣ። ተማሪዎች ባንዲራ ይዘዋል፣ ፈረሰኞች ይጋልባሉ፣ ድንኳን ተተክሏል፤ አቶ እሸቱ ኮት ለብሶ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ከሁሉም ፊት ደግሞ አንቺ።

ጉልበትሽን ልስም ዝቅ አልኩና መነሳት አቃተኝ። እልልታሽ መሃል ላይ ተቋረጠ። ትንፋሽ ያጠረሽ መሰለኝ። ራሴን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ቀና አደረግሽኝና ፊቴን አየሽው፤ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየሽኝ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት የነጠላሽን ጥለት ነው። ከዚያ በቋንቋችን፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ተነስ ኢልማ ኮ፤ ሰው ያያል” አልሽኝ። ልጄ ነው ያልሽኝ። ተነሳሁ። ከኋላችን የነበሩት ሴቶች እልልታውን ተቀበሉና አንቺም አብረሻቸው እልል አልሽ።

ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ አስቀመጡሽ። አቶ እሸቱ የጻፈውን አነበበ፤ ከንስር ጋር አወዳደረኝ፣ ከአንበሳ ጋር አወዳደረኝ፣ የሚያልቅበት አይመስልም ነበር። ፈረስ ከነኮርቻው አመጡልኝ። ኦቦ ጆቴ እርጥብ ሣር ይዘው ተነስተው መረቁኝ፤ ሰማዩ ይስፋልህ፣ ነፋሱ ይታዘዝህ፣ ከወጣህበት በሰላም ይመልስህ ሲሉ ሕዝቡ በየመሃሉ “ሃ ታኡ” ይላል። አንቺም ይሁን እያልሽ ተቀበልሽ፤ ሰምቼሻለሁ። ጠጁ ሲዞር እንደ ልማድሽ በእጅሽ ከልክለሽ ውኃ አስመጣሽ። የጩምቦው ቂጣ ሲቀርብ ቅቤ የጠጣውን መርጠሽ አጎረስሽኝ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ይቆማል፤ ግን ካልጻፍኩት ደብዳቤው ምን ይረባል? ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበርና ራበኝ። በላሁ። ጣፈጠኝም። ፈረሰኞቹ ሲዘፍኑልኝ፣ በልጅነቴ የአርጆ ገጠሬ እያሉ ያሾፉብኝ የነበሩት ሰዎች ተራ ገብተው ሲጨብጡኝ፣ ደስ አለኝ። ለአፍታ አዱኛን ረሳሁት። የገዛ ወንድሜ ሬሳ ገና ከተራራው ሳይወርድ እኔ እናቱ ጎን ተቀምጬ ረሳሁት። ሌላውን ሁሉ ለራሴ ማስረዳት እችል ይሆናል፤ ይህን ግን ለእግዚአብሔርም ለማስረዳት ቃል የለኝም።

ያኔ ነው ኦቦ ጆቴ አጎንብሰው፣ “ያ ታናሽህስ? ለምን ይዘኸው አልመጣህም?” ብለው የጠየቁኝ። ደህና ነው አባ፣ ሥራ ላይ ሆኖ ነው አልኳቸው። ምላሴ አልተያዘም። ቀጥዬም ጎበዝ አብራሪ ሆኗል፣ ሳይቆይ ይሾማል ልላቸው አፌን ስከፍት በጉርሻ ዘጋሽው። ጉርሻው ከበፊቱ የበለጠ ትልቅ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰውም ሳቀብኝ። አቶ እሸቱ እናት ምንጊዜም እናት ናት ብሎ ተናገረና ተጨበጨበለት።

መርዶ በቀትር አይነገርም፣ ሰው ቆሞ አይነገርም፣ እንግዳ በተሞላ ድንኳን ውስጥ አይነገርም። ይህን ሁሉ እየደረደርኩ ራሴን አረጋጋሁ። ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። ወጉን እንደ ጋሻ ያዝኩት። ከሰዓት በኋላ የዳኮታው አብራሪ መጥቶ በአርጆ በኩል ደመና እየመጣ ነው፣ ከዘነበ ሜዳው ጭቃ ይሆናልና ወይ አሁን እንነሳ ወይ እንደር አለኝ። ማደር እችል ነበር። አልጋዬን እንዳነጠፍሽልኝ ነግረሽኝ ነበር። እንነሳ አልኩ።

ቄስ ጨመዳን የአውሮፕላኑ መሰላል ሥር ወደ ጎን አወጣኋቸውና በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሽማግሌው እንደ ሰከረ ሰው ክንፉን ተደገፉ። ነገ ጠዋት እርስዎ ያርዷት፣ እኔን ግዳጅ ጠርቶኛል አልኳቸው። የያዝኩትን እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። ቄስ ጨመዳ ያጠመቁኝ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ሲያስለቅቁኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

አንቺን ተሰናብቼ ወጣሁ። ተነሳን፣ ከተማዋን ዞርን፣ ሕዝቡ እጁን ያውለበልባል። ያኔ ነው የታወቀኝ። አዮ፣ ስለ አዱኛ አልጠየቅሽኝም! ስለ ጤናዬ ጠየቅሽኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቅሽኝ፣ አዲስ አበባ ስላለው ብርድ ጠየቅሽኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት እግሬ ደጅሽን ሲረግጥ ገና ሳልቀመጥ፣ ያስ ልጅ? ይበላል? ይጸልያል? ትይኝ የነበርሽው ሴት ስሙን ሳታነሺ ዋልሽ። ስመለስ በሶውን፣ ቅቤውን፣ የደረቀውን ቋንጣ አስረሽ፣ ይህ የአዱኛ ነው፣ እንዳትነካበት እያልሽ ታሸክሚኝ ነበር፤ ያን ቀን ባዶ እጄን ሸኘሽኝ። አንቺ ከጉልበትሽ ሥር ቀና ካደረግሽኝ ጊዜ ጀምሮ አውቀሻል። እያወቅሽ አጎረስሽኝ። ሙሉ ቀን ጊዜ ሰጠሽኝ፤ ልጄ አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ይነግረኛል ስትይ ዋልሽ። እኔ ደግሞ አለመጠየቅሽን እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ሬሳው ሲገኝ ወደ ነቀምቴ ያመጣው አውሮፕላን ላይ የኔ ቦታ ተይዞ ነበር። አልተሳፈርኩም። ስብሰባ አለኝ አልኩ፤ ስብሰባ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ተኛሁ። የደብረ ዘይት መኮንኖች በሐዘን ታመመ ብለው ጠየቁኝ፣ ሾርባ ያመጡልኝም ነበሩ።

ባለፈው ሰሞን ነገራ መጣ። የአጎቴ ልጅ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ቡናውን አዲስ አበባ አራግፎ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ሊሰድበኝ የመጣ መስሎኝ ልቤን አደንድኜ ጠበቅሁት። እሱ ግን ገና ሲገባ አቀፈኝ። ኧረ አንተስ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ፣ የዚያን ሁሉ ሕዝብ ደስታ ላለማበላሸት እንዴት ቻልከው አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም። ከዚያ የመርዶውን ጠዋት ነገረኝ። ሽማግሌዎቹ ገና በጨለማ ቄስ ጨመዳን አስቀድመው ሲመጡ በሩ ተከፍቶ አገኙት። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ የቤቱ ዕቃ ወደ ጥግ ተደርጓል፣ አንቺ ጥቁር ለብሰሽ ተቀምጠሻል። ቄስ ጨመዳ አፋቸውን ሲከፍቱ እጅሽን አነሳሽና፣ “ልጄ ራሱ ትናንት ነግሮኛል። የሰው ደስታ እንዳይበላሽ ብለን ነው ዝም ያልነው” አልሽ። ከዚያ ነው ያለቀስሽው።

አዮ፣ በሕይወትሽ ስትዋሺ ሰምቼሽ አላውቅም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለትንሽ ውሸት ጆሮ የምትቆነጥጪ አንቺ፣ በልጅሽ የመርዶ ጠዋት፣ በቄስሽ ፊት፣ ለኔ ስትይ ዋሸሽ። ቄስ ጨመዳም እያወቁ ዝም አሉ፤ እሳቸውንም ከነሸበቶአቸው ውሸታም አደረግኋቸው። አሁን ነቀምቴ ላይ የሚወራው ጀግንነቴ ይህ ሆኗል። አቶ እሸቱ የምስጋና ጽሑፍ ላከልኝ፤ በእናቱ ፊት ሐዘኑን ውጦ የሕዝቡን ክብር የጠበቀ ጄኔራል ይለኛል። ቀዳድጄ ጣልኩት። እሱ ምን አደረገ፣ የሰማውን ነው የጻፈው፤ ግን አጠገቤ ቢሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር። ሰው እኔን ሲያመሰግነኝ ሁሉም የሚሳደብ ይመስለኛል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። በአውሮፕላን አይደለም፤ አምቦንና ባኮን አልፎ በሚመጣው አውቶቡስ፣ እንደ ማንም ሰው ጋቢ ለብሼ ነው የምመጣው። ሰው እንዲቀበለኝ ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺም አትንገሪ። ለቅሶ ቤት ሰው ሲገባ እንደሚያደርገው ከደጅ ጀምሬ እያለቀስኩ እገባለሁ። ከዚያ ኦቦ ጆቴ ባሉበት፣ መርዶውን አላረዳኋትም፣ በልቼ ጠጥቼ ሸሽቼ ነው የሄድኩት ብዬ ልናገር አስቤያለሁ። ያን ስናገር ያንቺ ቃል ውሸት ሆኖ ሰው ፊት ይወጣል፤ እሱ ነው ያስጨነቀኝ። እንዳልናገር ከፈለግሽ ስገባ በእጅሽ ምልክት አሳዪኝ፣ ዝም እላለሁ። ተናገር ካልሽኝ እናገራለሁ። በዚህ ነገር ከእንግዲህ አዛዤ አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ግን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻሽ የምነግርሽ አለኝ። በደብዳቤ ሞክሬ አልሆነልኝም። ይህን ወረቀት ከመጀመሬ በፊት ሌላ ጽፌ ቀድጃለሁ። ቢያንስ ጫፉን ላስይዝሽ።

ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የአዲሱን የጄኔራልነት ደንብ ልብሴን እጅጌ በጣቶችሽ ዳሰስሽና፣ ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ማን ሰፋልህ አልሽኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አርመን ነው አልኩሽ። እውነት ነው። አርመኑ ሰው የሚበዛበት ነበርና የሚለካኝ ጠዋት ብቻ ነው ብሎኝ ነበር። አዱኛ ለዚያ ልምምድ ሊነሳ በዋዜማው ቢሮዬ ጠራሁትና፣ ነገ ልብስ ሰፊ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ወጣቶቹን አብራሪዎች በኔ ቦታ አንተ ይዘህልኝ ውጣ አልኩት። እሺ ጌታዬ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና በሩ ጋ ሲደርስ ሳቀ። ልብሱ ሲያልቅ መጀመሪያ የምናሳየው ለአዮ ነው አለኝ።

እኔ ከነቀምቴ የሸሸሁት ልቅሶሽን ፈርቼ አይደለም። ልቅሶ ለምጃለሁ፤ የስንቱን ጓደኛዬን እናት ደግፌ አስለቅሻለሁ። አንቺ ካለቀስሽ በኋላ ቀና ብለሽ፣ ያን ቀን ማን ላከው? ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ነው የሸሸሁት። ቅዳሜ ስመጣ ጠይቂኝ።

እስከዚያው እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ እንቅልፍም ይስጥሽ። እህል ቅመሺ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ አትነሺ፤ ተቀምጠሽም ቢሆን ሰው ይረዳሻል። የሞተውን ልጅሽን ነፍሱን ይማር፤ በሕይወት የቀረውን ደግሞ አንቺ እንደ ወደድሽ።

ልጅሽ